ሮምን በአንድ ቀን፣ ለብቻ፣ በእግር

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርእሳችን ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሮምን እንዴት ያያታል? ስለ ቪዛና ስለ ሆቴል አልናገርም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እናንተ ወይ አውሮፓ ውስጥ የምትኖሩና ለአንድ ቀን ብቅ የምትሉ፣ ወይ ለሥራ መጥታችሁ አንድ ቀን የተረፋችሁ፣ ወይ በሮም በኩል የምታልፉ ናችሁ ብዬ ልነሳ።

ሮም በአንድ ቀን አታልቅም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከኮሎሲየም፣ ከጥንቶቹ ሮማውያን የፍልሚያ ስታዲየም፣ እስከ ቫቲካኑ ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ቀጥታ ቢሄዱ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ግራ ቀኙን እየዞሩ፣ ፎረሙን፣ የጥንቷን ሮም መሐል አደባባይ ፍርስራሽ፣ አቋርጠው፣ ኮረብታው ላይ ወጥተው ቢወርዱ እንኳ የቀኑ መንገድ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ለእግር ይሄ ምንም አይደለም። ቀኑን የሚበላው ሰልፍ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እላችኋለሁ፦ ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት የሚጠይቅ በር በቀን አንድ ብቻ ይሁን፤ የቀረውን ሁሉ በሱ ዙሪያ አደራጁት። ጠዋት ኮሎሲየም፣ ከሰዓት የቫቲካን ሙዚየም ብለው ሁለት ትኬት የሚቆርጡ ሰዎች የመጀመሪያው ሲዘገይባቸው ሁለተኛው ይቃጠልባቸዋል፤ ገንዘቡም አይመለስም። በመካከል ያለውን ከተማ ደግሞ በሩጫ ያልፉታል፤ ከሁሉም የሚያስቆጨው ይሄ ነው።

የቫቲካን ሙዚየም ይቅር ማለቴ አንዳንዱን ያስቆጣል፤ አውቃለሁ። በማይክል አንጄሎ ሥዕል የታወቀው የሲስቲን ጸሎት ቤት ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ግን እዚያ ለመድረስ ረጅሙን አዳራሽ ሁሉ በሕዝብ ተገፍቶ ማለፍ ግድ ነው፤ በትንሹ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሮም ሁለት ቀን ካላችሁ ሁለተኛውን ቀን ለእሱ ስጡ። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ የሰዓት ትኬታችሁ የኮሎሲየም ይሁን።

መጀመሪያ ስለ ሰዓት እንግባባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ትኬቱ ላይ 08:30 ከተባለ በእኛ አነጋገር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሮም ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትሆናለች፤ በቀረው ጊዜ ሁለት ሰዓት። ከአገር ቤት በቀጥታ የምትመጡ ከሆነ ስልካችሁ ሰዓቱን መቀየሩን አረጋግጡ። ከአሁን በኋላ የምጠራው ሰዓት በሙሉ ትኬት ላይ እንደሚታተመው በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ዓመቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። የኮሎሲየም ትኬት በስም ይቆረጣል፤ በር ላይም ከመታወቂያ ጋር ያመሳክሩታል። የእኛ ሰው ችግር የሚገጥመው ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ለየብቻ ሲጠይቀው ነው። አንዱ የአባቱን ስም፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚጠራበትን። ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጡና በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሰፈረው፣ ፊደል ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ገልብጡት። የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁና እሱን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ሁልጊዜ አንድ አይሆንም።

ትኬቱ ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት በኮሎሲየሙ ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ ይለቀቃል። መደበኛው 18 ዩሮ ነው፤ ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች 2 ዩሮ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ነጻ። ለ24 ሰዓት ያገለግላል፤ ኮሎሲየሙን በተቆረጠው ሰዓት፣ ፎረሙንና የፓላቲን ኮረብታን ደግሞ አንድ ጊዜ ያስገባል። አንድ ጊዜ ያልኩትን ልብ በሉ፤ ከፎረሙ ወጥታችሁ ቡና ጠጥታችሁ ልመለስ ብትሉ አይሆንም። በአውሮፓ የበጋ ወራት ትኬቱ በፍጥነት ያልቃል። ለብቻ መሄድ ከሚጠቅምባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እዚህ ላይ ነው፤ ለአራት ሰው የሚሆን ቦታ በጠፋበት ቀን ለአንድ ሰው የምትሆን ቀዳዳ አትጠፋም፤ ማታም ጠዋትም ገጹን ደጋግማችሁ ክፈቱት። ጨርሶ ከጠፋ ኮሎሲየሙን ሳይጨምር ፎረሙንና ፓላቲንን የሚያስገባ ትኬት ለብቻው ይሸጣል። እውነቱን ለመናገር ኮሎሲየም ከውጭ ብዙ ነገሩ ይታያል፤ ፎረሙ ግን ውስጡ ካልገቡ አይገባም። በር ላይ ቆመው «ሰልፍ አሻግርሃለሁ» ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ አትስጡ።

በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መግቢያው በነጻ ነው። ነጻ መሆኑ ደስ ቢልም በዚያ ቀን ቦታ ማስያዝ ስለማይቻል ሰልፉ አያድርስ ነው። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው በጣም ውዱ ቀን እሱ ነው። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ጳጳሱ ሕዝብ የሚቀበሉበት በመሆኑ የቅዱስ ጴጥሮስ አካባቢ ይዘጋጋል፤ በእኔ አካሄድ ግን እዚያ የምትደርሱት አመሻሽ ላይ ስለሆነ አይነካችሁም። ኮሎሲየሙ ዲሴምበር 25ና ጃንዋሪ 1 ዝግ ነው።

የሚያዘው ነገር ትንሽ ነው። ሻንጣ አይገባም፤ ካላችሁ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ የሻንጣ ማስቀመጫ አለ። የመስታወት ጠርሙስም ኮሎሲየም ውስጥ ክልክል ነውና ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ወይም የብረት ኮዳ ያዙ። ውኃ አትግዙ። ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል የመንገድ ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈስሳሉ፤ ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ ናቸው፤ ውኃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። አፋቸውን በጣት ስትደፍኑት ከላይ ካለች ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ይፈነጥቃል፤ ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ። ጫማችሁ ወፍራም ሶል ያለው፣ የማያንሸራትት ይሁን፤ የሮም መንገድ የተነጠፈበት ጥቁር ድንጋይ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ስልክ መሙያ ባትሪ የግድ ነው። ለብቻችሁ ስትሆኑ ካርታውም ትኬቱም ያለው አንዲት ስልክ ውስጥ ነውና ትኬቱን በወረቀት አትሙት። ነጠላ ወይም ሻርፕ ያዙ፤ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ ሰው ይመለሳል፤ ወንዱም ቁምጣ ለብሶ ከመጣ እንደዚያው።

ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ለምትነሱ ሁለት ዓይነት ባቡር አለ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ያደርሳል፤ 14 ዩሮ ነው። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው 8 ዩሮ ነው፤ እሱ ግን ቴርሚኒ አይደርስም። ብዙ ሰው ርካሹን ይሳፈርና ቴርሚኒ መቼ ነው እያለ ከተማውን አልፎ ይሄዳል። ሻንጣ ለሌለው ሰው ግን ርካሹ ይሻላል፦ ኦስቲየንሴ ላይ ወርዳችሁ በውስጥ መተላለፊያው ፒራሚዴ ወደሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ በሜትሮ ቢ ሁለተኛው ፌርማታ ኮሎሴዮ ነው። ከቴርሚኒም ቢሆን በዚሁ መስመር በሌላው አቅጣጫ ሁለት ፌርማታ ነው። የከተማው ትኬት 1.50 ዩሮ ሲሆን 100 ደቂቃ ይሠራል፤ በዚያ ውስጥ ሜትሮ የሚያሳፍረው አንድ ጊዜ ነው። የወረቀት የባቡር ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ማሽኑ ላይ ምቱት፤ ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል፣ ቅጣቱም የትኬቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። የሥራ ማቆም አድማ ሊኖር ስለሚችል ከዋዜማው አጣሩ፤ በአድማ ቀን የከተማው ትራንስፖርት እስከ 8:30 ገደማና ከ17:00 እስከ 20:00 ይሠራል።

በቴርሚኒ በኩል ከመጣችሁ ገና ከጣቢያው ስትወጡ የምትረግጡት አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ርቆ ዛፍ መካከል ቆሟል፤ የግብፅ ሐውልት ጫፉ ላይ ኮከብ ተሰክቶበት። ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የመጣው የይሁዳ አንበሳም በፋሽስት ዘመን የቆመው እዚያው ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘው በዚሁ ቦታ ነው። አምስት ደቂቃ ትበቃለች። ማታ ስትመለሱም ልታዩት ትችላላችሁ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን የጣቢያው ዙሪያ በቀን ይሻላል።

ኮሎሲየም። የ08:30ን ትኬት ቁረጡ፤ 08:10 በር ላይ ተገኙ፤ የደኅንነት ፍተሻ አለ። ሥራው በአጼ ቬስፓስያን ዘመን በ70ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ በልጁ በቲቶ በ80 ዓ.ም. ተመረቀ። ቅርጹ ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ 189፣ ወርዱ 156 ሜትር። ሰው ሁሉ በፍጥነት ወደ ውስጥ ይገባና መሐሉ ላይ ያለውን ፍርስራሽ አይቶ ግራ ይገባዋል። ያ የምታዩት ግድግዳ የመድረኩ ምድር ቤት ነው፤ ከላይ የእንጨት ወለልና አሸዋ ነበረበት፤ አራዊቱና ሰዎቹ ከሥር በማንሻ ይወጡ ነበር። ከመግባታችሁ በፊት ቅስቶቹን ቀና ብላችሁ እዩ፦ ከ80ዎቹ በሮች 76ቱ ቁጥር ነበራቸው፤ በሰሜኑ በኩል ከ23 እስከ 54 ያሉት የሮማውያን ቁጥሮች ዛሬም ይነበባሉ። ተመልካቹ ትኬቱ ላይ ባለው ቁጥር በራሱ በር ይገባ ነበር፤ ዛሬ በስታዲየም እንደሚደረገው። ግድግዳውን የበሳሱት ጉድጓዶች የጥይት አይደሉም። ድንጋዮቹን ያያያዘው ብረት በመካከለኛው ዘመን እየተቆፈረ ተወስዶ ነው። የደቡቡ ግንብ በ1349 በመሬት መንቀጥቀጥ ተናደ፤ ድንጋዩም ለሌላ ሕንጻ ሆነ። አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃችኋል።

ከዚያ በቲቶ ቅስት በኩል ወደ ፎረሙ። ቅስቱ ሥር ቁሙና በውስጥ በኩል ያለውን ቅርጽ ተመልከቱ፤ በ70 ዓ.ም. የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሲዘረፍ ባለሰባት ቅርንጫፉን መቅረዝ ተሸክመው ወደ ሮም ሲገቡ ያሳያል። ይህች ከተማ የዘረፈችውን በድንጋይ ቀርጻ የምታሳይ ናት፤ ነገሩን ትንሽ ቆይተን እናገኘዋለን።

ፎረሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለማየት አትሞክሩ። ያለ ምርጫ ከገቡበት የድንጋይ ክምር ነው የሚሆነው፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ተሰላችቶ የሚወጣው። ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛው የማክሴንቲዩስ ባሲሊካ ነው፤ የቀሩት ሦስት ቅስቶች የሕንጻው አንድ ጎን ብቻ መሆናቸውን ስታስቡ ስፋቱ ይገባችኋል። ሁለተኛው የአንቶኒኖስና የፋውስቲና መቅደስ፤ ዓምዶቹ ፊት ለፊት ቆመዋል፣ ከኋላቸው በኋላ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ በሩም ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። በሩ ሲሠራ መሬቱ እዚያ ድረስ ነበር፤ የቀረውን አርኪዮሎጂ ቆፍሮ አወጣው። ፎረሙ ስንት ዘመን አፈር ለብሶ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሦስተኛው ኩሪያ፣ የሴኔቱ ቤት። ከዚያ ወደ ፓላቲን ኮረብታ ውጡ። በጁላይና በኦገስት ፎረሙ ውስጥ ጥላ የለም፤ ከ11:00 በኋላ ሙቀቱ ጭንቅላት ይመታል። ኮረብታው ላይ ግን ዛፍም ቧንቧም አለ። በሳን ግሪጎሪዮ ጎዳና በኩል ባለው በር ውጡ።

ይህንን በር የመረጥኩት በምክንያት ነው። በስተግራ መንገዱ መጨረሻ ላይ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ይታያል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የገባው እዚያ ቅስት ሥር ነው። በስተቀኝ ደግሞ ጎዳናው የሚያበቃበት የፖርታ ካፔና አደባባይ ነው፤ የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። ከሐውልቱ ፊት ያለው ትልቅ ሕንጻ ያኔ የኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን የታሰበ ነው፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የማራቶኑ መንገድ በሐውልቱ አጠገብ ያልፍ ነበር፤ አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የመጨረሻውን ፍጥነት የሚጨምርበት ቦታ ብለው የመረጡት ይህንኑ አካባቢ ነው። አብሮት የነበረውን ሞሮኳዊ ራዲን ጥሎ ሄደ፤ በመጨረሻ ልዩነታቸው 25 ሰከንድ ነበር። ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ በእግር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ሂዱበት። ሐውልቱ በ1947ቱ የሰላም ውል እንዲመለስ ግዴታ ተገብቶበት፣ ተነቅሎ የተጫነው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነው፤ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆመ። አሁን አደባባዩ ላይ ስለሱ ብዙም የሚነግራችሁ ነገር የለም። የምታዩት የመኪና መገናኛ መንገድና የሴፕቴምበር 11 ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ነው።

ቺርኮ ማሲሞን፣ የጥንቱን የሠረገላ መወዳደሪያ፣ በጎን እያያችሁ እለፉት፤ 600 ሜትር የሚሆን ሣር ነው፣ መግባት አያስፈልግም። የ«እውነት አፍ» በሚባለው ድንጋይ ውስጥ እጅ ለማስገባት የሚሰለፈውን ሰውም እለፉት። ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ በሰፊው መወጣጫ ውጡ። የአደባባዩ ንድፍ የማይክል አንጄሎ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው የአጼ ማርቆስ አውሬልዮስ የፈረሰኛ ሐውልት ቅጂ ሲሆን ዋናው ሙዚየሙ ውስጥ ነው። የ1960ው ማራቶን የተነሳው ከዚህ ነበር። ከከተማው አዳራሽ ጀርባ ዙሩ፤ ጠዋት የሄዳችሁበት ፎረም በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ክፍያ የለውም። ጠዋት ውስጡ ሳላችሁ ያልገባችሁ ነገር እዚህ ላይ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ምሳ 13:30 ገደማ። ለብቻው የሚበላ ሰው ሮም ውስጥ ጠረጴዛ መያዝ የለበትም። በካሬ ትሪ ተጋግሮ እየተቆረጠ በክብደት የሚሸጥ ፒዛ አለ፤ ዋጋው በኪሎ ወይም በ100 ግራም ተጽፎ ይለጠፋልና የትኛው እንደሆነ አንብቡ። መጠኑን በእጅ አሳዩ፤ ሻጩ ቢላውን ያስቀምጣል፣ «ያንስ» ወይም «ይብቃ» ትላላችሁ። 250 ግራም ለአንድ ሰው ይበቃል። ጾም ከሆነ አይብ የሌለበት ቲማቲም ብቻ ያለው ቀይ ፒዛ በየዳቦ ቤቱ አለ። ነጭ ፒዛ ላይ ግን አንዳንድ ጋጋሪ የአሳማ ስብ ያስገባበታልና «ሴንጻ ስትሩቶ?»፣ የአሳማ ስብ የለበትም ወይ፣ ብላችሁ ጠይቁ። ከካምፒዶሊዮ ሥር ባለው በአይሁድ ሰፈር በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ የሚከፈት አርቲቾክ አለ፤ እሱም ጾም ነው።

ቡና ቆማችሁ ጠጡ። ባንኮኒው ላይ የአንድ ዩሮ ከምናምን የሆነው ቡና አደባባይ ላይ ወንበር ስትስቡ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ማጭበርበር አይደለም፣ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ለየብቻ ተጽፏል። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ካሸሩ ጋ ከፍላችሁ ደረሰኙን ለባሪስታው ትሰጣላችሁ። ማኪያቶ ብትሉ የሚመጣላችሁ በትንሽ ስኒ ጠብታ ወተት የነካው ነው፤ አዲስ አበባ የለመዳችሁትን የሚመስለው ካፑቺኖ ነው። መጸዳጃ ቤትም ቡና በጠጣችሁበት ተጠቀሙ፤ የሕዝብ መጸዳጃ እንደ ልብ አይገኝም።

ወደ ፓንቴዮን፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ወደሆነው የጥንት መቅደስ፣ ስትሄዱ በቶሬ አርጀንቲና አደባባይ እለፉ፤ ከመንገዱ በታች ያሉት ፍርስራሾች ጫፍ ላይ ዩሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 የተገደለበት አዳራሽ ቅሪት አለ። ዛሬ ድመቶች ይተኙበታል።

ፓንቴዮን መግቢያው 5 ዩሮ ነው። ይሄም ትኬት ነው ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ ግን ሰልፉ ቶሎ ይሄዳል፤ ቢረዝምባችሁ ትታችሁት መሄድ ትችላላችሁ፣ የሚቃጠል ነገር የለም። ፊቱ ላይ የቀድሞውን መቅደስ ያሠራው የአግሪጳ ስም ቢጻፍም የዛሬውን ሕንጻ ያስጨረሰው በ120ዎቹ አጼ ሀድሪያኖስ ነው። የጣሪያው ስፋትና ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ከፍታ እኩል 43.3 ሜትር ነው፤ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ነው፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ቀላል ድንጋይ ስለተቀላቀለበት ክብደቱ ይቀንሳል። ጫፉ ክፍት በመሆኑ ዝናብ ይገባል፤ ወለሉ ላይ ውኃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ፈልጓቸው። የሠዓሊው ራፋኤል መቃብር እዚህ ነው፤ ሁሉም እሱ ጋ ይሰበሰባል። ስትገቡ በስተግራ ያለውን ትልቁን መቃብር ደግሞ የእኛ ሰው ሳያየው መውጣት የለበትም። ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው፤ በ1889 የውጫሌ ውል ሲፈረም፣ በ1896 ጦሩ ዓድዋ ላይ ሲሸነፍ የኢጣሊያ ንጉሥ የነበረው። አራት ዓመት ቆይቶ ተገደለ።

ከዚያ አምስት ደቂቃ ሄዳችሁ ናቮና አደባባይ። ቅርጹ የረዘመው ከሥሩ የሮማዊው አጼ ዶሚሺያን ስታዲየም ስላለ ነው። መሐል ያለው የቀራጺው የቤርኒኒ የአራቱ ወንዞች ምንጭ በ1651 ተጠናቀቀ፤ ዳኑብ፣ ጋንጅስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታና ዓባይ አራት ሰዎች ሆነው ተቀርጸዋል። ዓባይ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ራሱን በጨርቅ የሸፈነውን ፈልጉ። የተሸፈነው ምንጩ ስለማይታወቅ ነው ብለው አስጎብኚዎች ይነግሯችኋል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ግን ከአጼ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን ያየው በ1618 ነው፤ ከምንጩ መመረቅ 33 ዓመት ቀድሞ። ይበልጥ የሚገርመው በሐውልቱ ጽሑፍ ጉዳይ ይማከር የነበረው ኢየሱሳዊው ሊቅ አታናስዮስ ኪርኸር ራሱ ብዙም ሳይቆይ የፓኤዝን ምስክርነት አሳትሟል። የአገሬው ሰው ደግሞ ከፓኤዝም በፊት ያውቀው ነበር፤ እሱን የጠየቀ አልነበረም እንጂ።

በመላእክቱ ድልድይ ተሻግራችሁ 17:00 ገደማ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ድረሱ። ባሲሊካው መግቢያው በነጻ ነው፤ የሚያቆመው የፍተሻ ሰልፉ ነው፤ ከእኩለ ቀን ይልቅ አመሻሽ ላይ ያጥራል። «ሰልፍ አሻጋሪ» ትኬት የሚሸጡ እዚህም አሉ። ጉልላቱ ላይ መውጣት 551 ደረጃ ነው፤ ከባሲሊካው ቀድሞ ይዘጋልና በዚህ ሰዓት አይታሰብ፤ እሱን የፈለገ ሰው ቀኑን ገልብጦ 07:00 ላይ እዚህ ይጀምር፣ ኮሎሲየሙንም ከሰዓት ያድርገው። በስተቀኝ የማይክል አንጄሎ ፒየታ፣ የሞተውን ክርስቶስን የታቀፈች የማርያም ሐውልት፣ አለች፤ በ1972 አንድ ሰው በመዶሻ ስለመታት ከመስታወት ጀርባ ናት።

ከባሲሊካው ጀርባ፣ ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን ምእመናንና መነኮሳት ተሰጠ። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548ና 49 ሮም ላይ ያሳተሙት ከዚህ ማኅበር ሆነው ነው፤ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝና አማርኛ ያስተማሩትን አባ ጎርጎርዮስን በ1649 ያገኘውም በዚሁ ነው። ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት አይደለም፤ ያለ ቀጠሮ ጠባቂዎቹን ብትለምኑ ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ ሌቦች አሁን ልናገር፤ የምትደክሙበት ሰዓት ይሄ ነውና። ከቫቲካን ወደ ቴርሚኒ የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና ሜትሮ ኤ የኪስ አውላቂ ቦታ በመሆን የታወቁ ናቸው። የሚነጥቁት በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ስለዚህ በር አጠገብ አትቁሙ፤ ስልክ በኋላ ኪስ አይቀመጥ። «ፈርሙልን» ብሎ ወረቀት የሚዘረጋላችሁ፣ እጃችሁ ላይ ክር የሚያስር፣ አበባ የሚያስይዛችሁ ሰው ካለ እጃችሁን ኪስ ከትታችሁ ሳትቆሙ ሂዱ። ለጨዋ ሰው ይከብዳል፤ እኛ ሰላምታ ሲሰጠን መቆም ለምደናል። ብቻችሁን ስትሆኑ ከኋላ የሚያይላችሁ የለም። ገንዘቡን ሁለት ቦታ ክፈሉት። ፓስፖርት ከጠፋ የፖሊስ ማመልከቻ ወረቀት አውጡ፤ ያለሱ ኤምባሲውም ኢንሹራንሱም አያስተናግዳችሁም። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። ፎቶ የሚያነሳችሁ ከፈለጋችሁ እርስ በርስ ሲነሱ ያሉ ቤተሰቦችን ጠይቁ፤ ለእነሱም ታነሱላቸዋላችሁ። ራሱ መጥቶ «ላንሳህ» የሚለውን ተዉት።

ትሬቪ ምንጭን ለማታ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ቀን ላይ ገንዳው አጠገብ በአንድ ጊዜ ከ400 ሰው በላይ እንዲወርድ አይፈቀድም፤ ሰልፉ ይረዝማል። ከላይ ካለው አደባባይ ማየት ግን አይከለከልም፤ ከ22:00 በኋላ መብራቱ በርቶ ሰዉ ይሳሳል። ከቅዱስ ጴጥሮስ 10 ደቂቃ በእግር ኦታቪያኖ ጣቢያ ደርሳችሁ በሜትሮ ኤ ባርቤሪኒ መውረድ ነው። ውኃው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ19 ጀምሮ አግሪጳ ባስገነባው ቦይ የመጣ ነው፤ የዛሬው ምንጭ ግን በ1762 አለቀ። የምትጥሉት ሳንቲም ተሰብስቦ ለካሪታስ የበጎ አድራጎት ሥራ ይውላል። በመንገዳችሁ የስፓኝ ደረጃዎችን ካያችሁ አትቀመጡባቸው፤ ከ2019 ጀምሮ ቅጣት አለው፣ ከ250 ዩሮ ይጀምራል።

ለራት ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ከ19:30 በፊት አይከፈቱም። እንጀራ ያማራችሁ ቴርሚኒ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። ሜትሮው በመደበኛ ቀን 23:30፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ 01:30 ያቆማል። የሊዮናርዶ ባቡር ግን ከዚያ ቀድሞ ያበቃል፤ ሌሊት የምትበሩ ከሆነ የመጨረሻውን መነሻ ሰዓት ጠዋት ስታልፉ ከሰሌዳው ላይ ፎቶ አንሡት፤ ካመለጣችሁ ከቴርሚኒ ፊት ለፊት የሚነሳ የሌሊት አውቶቡስ አለ። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።